የሰማይ እንግዶች መርማሪ

አንባቢ ባለበት ቤት ሁሉ አንድ መርማሪ አይጠፋም። መርማሪ መጽሐፍ አያነብም፤ ይፈትሻል። ሽፋኑን አይቶ ይሰጋል፣ መሐሉን ገልጦ ይተክዛል፣ መጨረሻውን አንብቦ ይፈርዳል። የእናንተ ቤት መርማሪ አባታችሁ ወይም ታላቅ እህታችሁ ሊሆኑ ይችላሉ። የእኔ ግን የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ክቡር ልብስ ሰፊው አጎቴ፣ የምድርም የሰማይም ፍጡራን ሃይማኖት የበላይ ተመልካች።

ሁለተኛ ደረጃን ጨርሼ ጎሚስታ ቤት ከተቀጠርኩ ወዲህ የምኖረው ከሱቃቸው ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ከሰው ጋር ብዙም አልገጥምም። ከጎማ የተረፈኝን ሰዓት ሁሉ የምሰጠው ከሌላ ዓለም ስለሚመጡ ፍጡራን ለሚተርኩ ልብ ወለዶች ነው። መጽሐፍ ከሚያከራየው ሰውዬ አምጥቼ ትራሴ ሥር እሸጉጣለሁ። ከሥራ ስመለስ ስፌት መኪናው ላይ ተዘርግቶ አገኘዋለሁ።

አጎቴ ልብስ የሚመዝኑት ገልብጠው ነው። «ውጪውንማ ማንም ያሳምረዋል፤ ስፌቱን አሳየኝ» ይላሉ። መጽሐፍንም እንደዚያው ከኋላው ይጀምሩታል። ፈጣሪ የተጠራበትን ቦታ ሲያገኙ ጨርቅ በሚያሰምሩበት ሰማያዊ ጠመኔ ያሰምሩበታል። አከራዩ «ይሄን ደግሞ ሱሪ ልታደርጉት ነው?» እያለ ይጮህብኛል።

የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ ያው ነው።

«ለመሆኑ ይጸልያሉ?»

«እነማን?»

«እነዚህ ባለ ስድስት እግሮቹ።»

«ጋሼ፣ ገና ማረፋቸው ነው። ጦርነት ላይ ናቸው።»

«ታዲያ ጦርነት ላይ ያልጸለየ መቼ ሊጸልይ ነው?»

ደንበኛም ከእሳቸው አያመልጥም። አንድ መምህር ሱሪ ሊለካ መጣ። አጎቴ ከንፈራቸው መሐል ስፒል ደርድረው እግሩ ሥር ተንበረከኩና ምርመራ ጀመሩ።

«እነሱንም የፈጠረ እሱ ከሆነ፣ ለምንድነው ሳይነግረን የቀረው?»

«ለእኛ የመንገር ግዴታ አለበት እንዴ?» አለ መምህሩ።

አጎቴ ስፒሉን ከአፋቸው አወጡ። «የለበትም። ማን ይጠይቀዋል! አትንቀሳቀስ ወንድሜ።»

የመምህሩ ሱሪ አንዱ እግሩ አጥሮ ወጣ። ክቡር መርማሪ ጥፋቱን አልተቀበሉም። «ሲከራከር ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ እኔ ምን ላድርግ?» አሉ።

እስከዚህ ድረስ መሳቅ ይቻላል።

ሰፈሩ አጎቴን የሚያውቃቸው በስፌታቸው ሳይሆን በጸሎታቸው ነበር። ቤቱ በሽተኛ የተኛበት ሁሉ እሳቸውን ይጠራል። አምና አንድ ልጃቸው ታመመች። አልጋዋ ሥር ተደፍተው ለመኑ፤ እንዲያ ሲለምኑ ሰምቼ አላውቅም። ሞተች። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠራቸው «ወገቤን» ይላሉ። የእኔን መጻሕፍት መፈተሽ የጀመሩትም ያኔ ነው። ሰፈሩ የወገባቸውን ነገር ያምናል። ቤት ውስጥ ያለነው ግን የታመመው ሌላ ነገር እንደሆነ እናውቃለን፤ አንናገረውም።

በቀደም ያመጣሁት ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ሽማግሌ የሃይማኖት አባት የሰማይ እንግዶችን ሊቀበል ብቻውን ሜዳ ላይ ይወጣል። እንግዶቹ በየማለዳው ተሰብስበው ዝም ይላሉ። ጸሎታቸው ይሄው ነው። «ምን ትለምናላችሁ?» ይላቸዋል። «ምንም» ይሉታል። «ልጆቻችሁ አይሞቱባችሁም?» ይላል። «ይሞቱብናል» ይላሉ። ምዕራፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

አጎቴ ይሄን መጽሐፍ ከፊቱ ጀምረው አነበቡት።

«ፈሪ ነው» አሉ፣ ደራሲውን።

«ምን አደረገ?»

«ይሞቱብናል ብሎ ምዕራፍ ይዘጋል እንዴ? ሽማግሌው ቀጥሎ የት ይግባ?»

መልሴን ሳይሰሙ ቀና አሉ፤ የጎረቤታችን የሾፌሩ ሚስት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሮጣ ነው የመጣችው።

«ጋሼ፣ ልጄ ዓይኑን መግለጥ አቃተው። ሐኪሙ ከመጠበቅ ሌላ የለም አለን። ይምጡና ይጸልዩልኝ።»

«ወገቤን» አሉ አጎቴ፣ ወደ ስፌት መኪናው ዞረው።

ሚስታቸው፣ አክስቴ፣ ከጓዳ ወጣች። «ወገብህን አላመመህም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝም በይ።»

«አልልም! የቀበርኳት እኔም ነኝ። ከፈጣሪህ ጋር ከተኳረፍክ ተኳረፍ። የሰው ልጅ ግን በእናንተ ኩርፊያ መሐል አይግባ። ተነስ።»

ኮታቸውን ሲለብሱ አንዱ እጅጌ ጠፋባቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን እጅጌ ሲገጥሙ የኖሩ ሰው። አክስቴ አለበሰቻቸው። እኔም ተከተልኩ።

ልጁ ግድግዳ ጥግ ባለች ጠባብ አልጋ ላይ ተኝቷል። ጎረቤት ቤቱን ሞልቶታል። አጎቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና የልጁን እግር ያዙ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ድምፃቸውን ጠበቀ። ምንም የለም። አንዱ አሳለ፤ ሌላው ወንበር ጎተተ።

«ጋሼ፣ ይጀምሩልን እንጂ» አለች እናትየዋ።

«ጀምሬያለሁ» አሉ።

ሴትየዋ ግራ ተጋብታ አየቻቸው። ከዚያ እሷም ተቀመጠችና የልጁን ሌላ እግር ያዘች። እኔ በጸሎት የማላምነው ግን እጄን የማስቀምጥበት ጠፋኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ የመንገዱን ጥግ ጥግ ይዘው ነበር የሚራመዱት።

«አልለመንኩለትም» አሉ። «የለመንኩላት ልጄ የሆነችውን አይተሃል። ለዚህኛውስ አልደፈርኩም።»

ይህን ስጽፍ ልጁ አልተሻለውም፤ አልባሰበትምም። አጎቴ ዛሬም ሄደዋል። ተቀምጠው፣ ዝም ብለው ይመጣሉ። ሰፈሩ «ሰውዬው ደክመዋል» ማለት ጀምሯል። በልጃቸው ሞት ጊዜ «የእሱ ፈቃድ ነው» ብሎ የተበተነው ይኸው ሰፈር ነው።

እኔ ሰማይ ላይ የምጠብቀው የለም፤ የሚለመነውንም፣ የሚበረውንም። ነገር ግን እንግዶቹ አንድ ቀን በእርግጥ ቢያርፉ፣ ሹማምንቱና ሊቃውንቱ ሳይደርሱ መጀመሪያ የሚያገኙት ይህን ጨቅጫቃ ሰውዬ እንዲሆን እመኛለሁ። ሰላምታ እንደማይሰጧቸው አውቃለሁ። ከየት መጣችሁ፣ ምን ፈለጋችሁ አይሏቸውም። አንገታቸውን ወደ መንኮራኩራቸው ውስጥ አስግገው ጥግ ጥጉን ያዩና፣

«በመንገዳችሁ ላይ አንዲት ልጅ አላገኛችሁም?» ይሏቸዋል።