አንድ ሰው ከተረፈ

አራሚ የሌለበት አገር የለም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሟቹን ዕድሜ በሁለት ዓመት የሚያስተካክል፣ ሠርግ ላይ ሽማግሌ የቆጠሩትን ጥሎሽ እንደገና የሚቆጥር ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም የሚል ካለ እጁን ያውጣ። ዓወል ግን ከሁሉም የከፋው ደርሶበታል፤ ከአራሚው ጋር ታስሯል።

ዘመኑ 1970 ዓ.ም.፣ እስር ቤቱም አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ያለ የእህል መጋዘን ነው። የአሊዩ አምባው በርበሬ ነጋዴ ዓወል «በኢኮኖሚ አሻጥር» ገባ። አጠገቡ የሚተኙት፣ «ሊቀ ድምር» የሚሏቸው የሒሳብ መምህር ዘርአ ዳዊት ደግሞ በመደመር ገቡ። ካድሬው ስብሰባ ላይ «ከሕዝባችን ሰባ በመቶው ደጋፊ፣ ሃያ በመቶው ወላዋይ፣ ሃያ በመቶው ጠላት ነው» ሲል ብድግ ብለው፣ «ይቅርታ ጓድ፣ ድምሩ ልክ አይደለም። አሥሩ ከየት መጡ?» ብለው ጠየቁ። «ከትርፎቹ አንዱ አንተ ነህ» አላቸው ካድሬው።

እስር ቤትም አላረማቸውም። ዓወል ሰግዶ ሲያበቃ በጣቱ እየቆጠረ ሱብሃነላህ ሲል፣ እሳቸው ብርድ ልብሳቸው ውስጥ ሆነው አብረው ይቆጥራሉ። «ይቅርታ ዓወል፣ ሠላሳ ሁለት ነው ያልከው። አንድ ይቀርሃል።» ዓወል ሊያንቃቸው ይቃጣዋል። ይበልጥ የሚያበግነው ደግሞ ልክ መሆናቸው ነው።

እስረኛውን ሁሉ ያስቀየመው ግን የጠዋቱ ቆጠራ ነው። ጎህ ሲቀድ ገደሉ ጫፍ ወዳለው ሽንት ቤት ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ይቆጠራሉ። ጠባቂው ወልደ ሰንበት መምህሩ ራሳቸው ሦስተኛ ክፍል ላይ የጣሉት ተማሪያቸው ነበር። ሃያ ላይ ሲደርስ ይጠፋበትና እንደገና ይጀምራል፤ ያ ሁሉ ሰው በአንኮበር ብርድ ይንቀጠቀጣል። መምህሩ መታገሥ አቃታቸው። «ወልደ ሰንበት፣ መቁጠሩን ተወው። ሠላሳ ዘጠኝ ነን። ጥንድ ጥንድ አድርገህ አሰልፈንና ጭራውን ብቻ ተመልከት። አንድ ሰው ከተረፈ ሙሉ ነን፤ ካልተረፈ አንድ ጎድሏል።»

ዘዴው ሠራ፤ ከብርዱም ተገላገሉ። ይሁንና እስረኛው ሁሉ «ለአሳሪው ገመድ ፈተሉለት» እያለ አኮረፋቸው፤ ዓወልም ጭምር።

አንድ ምሽት የዓወል ስም ተነበበ። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ በመኪና ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳል። ከዚያ መጋዘን ወደዚያ ተጭኖ የተመለሰ ሰው አልነበረም።

«ጠዋት በጉሙ ገደሉን እወርዳለሁ» አለ ዓወል በሹክሹክታ። «የቤቴን መንገድ ዐይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።»

«ይቅርታ፣ አይሆንም» አሉ መምህሩ። «አንተ ብቻ ከጎደልክ ሠላሳ ስምንት እንሆናለን፤ ጥንዱ ይሞላል፣ ጭራው ላይ የሚተርፍ የለም። ግማሽ ቁልቁለት ሳትወርድ ይደርሱብሃል። ሁለት ሰው ከጎደለ ግን ሠላሳ ሰባት ነን፤ አንድ ይተርፋል። ይህ አቆጣጠር አንድ ስህተት ያያል እንጂ ሁለት አያይም።»

«ታዲያ ይህን ለወልደ ሰንበት ለምን አልነገሩትም?»

መምህሩ ብርድ ልብሳቸውን ተከናነቡ። በሕይወታቸው ሳያርሙ ያለፉት ስህተት ይህ ብቻ ነበር።

«እንግዲያው አብረን እንሂዳ።»

«ጉልበቴ ቁልቁለት አይችልም። አንተ ሂድ፤ ሁለተኛውን ጎዶሎ ለእኔ ተወው።»

ዓወል ወረደ። አምስት ዓመት ቆላ ለቆላ ተሸሽጎ፣ ካድሬው ተቀያይሮ ነገሩ ሲረሳ ተመለሰ። የቀረውን አሊዩ አምባ ገበያ ላይ ከሥራው ከተባረረው ከወልደ ሰንበት አፍ ሰማ።

«ያን ቀን ጭራው ላይ አንድ ሰው ቆሞ አየሁና ሙሉ ነው ብዬ ዘጋሁ» አለው። «መምህር ለካ ሽንት ቤቱ ጀርባ ተቀምጠዋል። መኪናው ሲመጣ በራሳቸው እግር መጡና ‹ይቅርታ ወልደ ሰንበት፣ ሁለት ጎድለናል፤ አንዱ እኔ ነኝ› አሉኝ። መኪናው ባዶውን አይመለስም ተባለና በአንተ ፋንታ እሳቸውን ጫኗቸው።»

ዓወልን እንደ እሳቸው ያሰለቸው ሰው የለም፤ እንደ እሳቸው የናፈቀውም የለም።

በሳምንቱ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። አዲሱ ካድሬ ወረቀቱን ዘርግቶ «ስድሳ በመቶው ንቁ፣ ሠላሳ በመቶው ዳተኛ፣ አሥራ አምስት በመቶው አድኃሪ» ሲል የዓወል እጅ ሳያዘው ተነሣ። ግማሽ መንገድ ላይ ያዘውና ተቀመጠበት። ያ እጅ የራሱ ብቻ አልነበረም፤ መምህሩ ሕይወታቸውን የከፈሉበት ነው።

ቤቱ ገባና በሩን ዘጋ።

«መቶ አምስት ነው፣ መምህር» አለ ጮክ ብሎ። «አምስት ተርፏል።»