ለአንድ እጅ የተሠራ ማውስ

ማውስን የፈለሰፈው ሰው ወዳጅ ሲጨብጥ የኖረ አይመስለኝም። እስቲ እጃችሁን ለሰላምታ ዘርጉ፤ መዳፋችሁ ወደ ጎን ነው የሚቆመው። ማውስ ግን መዳፋችንን ጠረጴዛ ላይ ደፍተን፣ አንጓችንን ጠምዝዘን እንድንኖር ፈረደብን። ከዚያ በኋላ የተሻሻለውም ሁሉ ለእሱ ምቾት ነው። ሆዱ ውስጥ የነበረችውን ኳስ አውጥተው ብርሃን አስገቡለት፤ ጅራቱንም ቆረጡለት። ለአንዳንዱማ ኳሷን ጀርባው ላይ አውጥተውለት፣ እሱ እንደ ሹም ተጎልቶ ኳሷ ብቻ ትሽከረከራለች። እጃችንን ማን ጠየቀው?

እኔ ጠየቅኩት። ጭሮ፣ ዋናው አስፋልት ዳር፣ በኮምፒውተር ማመልከቻና ውል እየጻፍኩ የማድር ሰው ነኝ። አንጓዬ አብጦ የሻይ ብርጭቆ ማንሳት ሲያቅተኝ፣ አዲስ ማውስ ገዛሁና ጀሶ በጥብጬ ጀርባው ላይ ለጠፍኩበት። እስኪደርቅ እንደ ሰው እጅ ጨብጬ ያዝኩት፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ምን ልዋሽ፣ ድንቅ ሆነ! ሕመሙም ተወኝ። ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጨባበጥ እውል ጀመር።

ጫት ነጋዴዋ እትዬ ዘይነባ ከአስር ሶላት በኋላ እኔ ጋ ጎራ ማለት ልማዳቸው ነበር። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ስለሆነች፣ ዓረብ አገር ያለችው ልጃቸው ፎቶዋን የምትልከው በእኔ ስልክ ነው፤ እኔም ኮምፒውተሬ ላይ አስቀምጥላቸዋለሁ። አጠገቤ ይቀመጡና ማውሱን ራሳቸው ይዘው አንድ አንድ እያሉ ያዩዋታል። «ይሄን ቀሚስ ከሚኤሶ ነው የገዛሁላት» ይሉኛል፣ ለመቶኛ ጊዜ። እኔም «ኧረ ሥራ አስፈቱኝ!» እላቸዋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ብቸኛ ሰው ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከማመልከቻ ሌላ ወሬ የሚያወራኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ጀሶው በደረቀ ዕለትም እንደ ልማዳቸው መጥተው እጃቸውን አዲሱ ማውስ ላይ ጫኑ። እጃቸው ትንሽ ናት፤ ጣታቸው ቁልፉ ጋ አልደርስ አለ።

«ይሄ ምንድነው አቦ? እጅ ነው ወይስ ድንጋይ?»

«የእኔ ሥራ ነው እትዬ! ይተዉት፣ እኔ እጫንልዎታለሁ።»

ተጫንኩላቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«አንተ ቶሎ ታሳልፋታለህ» አሉና ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሡ።

አሮጌው ማውስ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። እሱን ማውጣት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ሥራዬ ስላልተደነቀልኝ አኩርፌ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ አልመጡም። በሳምንቱም አልመጡም። ኮምፒውተር ሁለት ማውስ ባንዴ እንደሚቀበል ሳውቅ የኖርኩ ሰው፣ ነገሩ ትዝ ያለኝ ወሩ ሲያልቅ ነው። አሮጌውን በእሳቸው ወንበር በኩል ሰካሁና ጫት ተራ ሄድኩ።

«እትዬ፣ የድሮውን መልሼዋለሁ። ይምጡ እንጂ!»

ከጉያቸው ልጃቸው የላከችላቸውን ሰፊ ስልክ አወጡ። ስክሪኑ ላይ የልጃቸውን ጉንጭ በጣታቸው ዳበስ አደረጉ፤ ፎቶዋም ሳታልፍ ቆመችላቸው።

«እይ፣ በጣት ብቻ ነው ወላሂ! አንተስ? እጅህ ተሻለህ?»

«ተሻለኝ» አልኩ።

ለካ ትልቁ ማሻሻያ ማውሱን ከነጭራሹ ማስቀረት ኖሯል። እኔንም ጭምር።

አሮጌውን ግን አልነቀልኩትም። በአስፋልቱ ከባድ መኪና ሲያልፍ ጠረጴዛዬ ይንቀጠቀጣል፤ ያን ጊዜ ማንም ማውሱን ሳይነካው ቀስቷ ስክሪኑ ላይ ትንሽ ፈቀቅ ትላለች። ዞር ብዬ ወንበራቸውን አየዋለሁ።

«ኧረ ሥራ አስፈቱኝ» እላለሁ።