ምንም የማያስወጣው ክኒን

በአዲስ አበባ ሐኪም የሌለበት ሰፈር ሞልቷል፤ ሐኪም ነኝ ባይ የሌለበት ግን አላየሁም። የመካኒሳ አቦው የእኛ ነው፤ ክቡር ጋሽ አባይነህ። ሠላሳ ዓመት የመንገድ ቀያሽ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ መለኪያቸውን ከመሬት ወደ ሰው አዞሩ።

ቀጠሮ አይዙም። በአጥራቸው በኩል ሲያልፍ ያስነጠሰ ሰው ይበቃቸዋል። «ሐኪም ተምሮታል፤ እኔ ኖሬበታለሁ» ይላሉ፤ ከዚያ ያዝዛሉ። ለጉንፋን ነጭ ሽንኩርት። ለወገብ ነጭ ሽንኩርት። የወይዘሮ ከድጃ ልጅ ፈተና በወደቀች ጊዜ ለማስታወስ ችሎታዋ ምን እንዳዘዙላት አልናገርም፤ ክፍል ውስጥ ግን ለብቻዋ ዴስክ ተሰጥቷት ነበር።

የሕክምና ሕጋቸው አንድ ነው፤ መድኃኒት የሆነ ነገር ማስወጣት አለበት። ላብ ይሁን፣ አክታ ይሁን፣ ኮሶ ይሁን፣ ብቻ ይውጣ። ምንም ያላስወጣ መድኃኒት ከረሜላ ነው።

በ1989 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ፣ ከታክሲ ወርደው ወደ ቤታቸው የምትወስደውን ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ያዝ አደረጋቸው። ባለቤታቸው እትዬ ትሩፋት ነጭ ሽንኩርቱን ከእጃቸው ነጥቀው ወደ ክሊኒክ ወሰዷቸው። የደም ምርመራው ኮሌስትሮል ሦስት መቶ አሥር አለ። ከሁለት መቶ ማለፍ አልነበረበትም። ዶክተር አምሳለ የምትባል ወጣት ሐኪም ስታቲን የሚባል ክኒን ዘጠና ፍሬ አዘዘችላቸው፤ በየቀኑ ከራት በኋላ አንድ፣ ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ምርመራ።

«ስቡን ይቀንስልዎታል» አለቻቸው።

ክቡርነታቸው ወዲያው ገባቸው። መድኃኒቱን አወቁት። የድሮ ወዳጃቸው ኮሶ ነው፣ ልብስ ቀይሮ።

«ስማ ጋዜጠኛው» አሉኝ፤ ከስሜ ይልቅ ሥራዬን ይወዱታል። «ሰው ቁርጥ ይበላል። ሁለት ወር ቆይቶ በባዶ ሆዱ የኮሶ መድኃኒት ይጠጣል። ኮሶው ይወጣል። ይሄም ያው ነው፤ ይሄ የሚያስወጣው ጮማውን ነው።»

«ዶክተሯ በየቀኑ አላለችም እንዴ?»

«ልጅ ናት። በየቀኑ ኮሶ የሚጠጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

አላየሁም።

እሑድ እሑድ ሀና ማርያም ካለው ሉካንዳ ቁርጣቸውን ከነጮማው ይበላሉ። ሰኞ ጠዋት በባዶ ሆዳቸው አንድ ክኒን ይውጣሉ። ከዚያ ወደ ጓሮ። ከዚያ መግለጫ። ለሥራ ስወጣ አጥሩ ጋ ቆመው ይጠብቁኝና «ዛሬም ምንም የለም» ይሉኛል። በአምስተኛው ሰኞ ክኒኑን ጠረጠሩት። በስምንተኛው «ኖራ ነው» ብለው ፈረዱበት።

«ሰውዬ፣ ምን እስኪወጣልህ ነው የምትጠብቀው?» አሉ እትዬ ትሩፋት ከውስጥ። «በሬው?»

በሐምሌ ተመረመሩ። ሦስት መቶ ስምንት። የተሸነፈችው ዶክተሯ ናትና ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ለምስክርነት እኔን ይዘው ሄዱ።

ዶክተር አምሳለ ወረቀቱን አየች። «ስንት ክኒን ቀርቷል?»

ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቆጠረች። ሰባ ስምንት።

«ጋሽ አባይነህ፣ እንዴት ነበር የሚወስዱት?»

በሙሉ ክብር አስረዷት። ኮሶውን፣ ጮማውን፣ ጓሮውን። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። እሷ አልሳቀችም።

«ይሄ ምንም አያስወጣም» አለች። «አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው የራስዎ ጉበት ነው። ክኒኑ ጉበትዎን ብዙ እንዳይሠራ ይይዘዋል። እርስዎ ሲያቋርጡ ጉበቱ ሥራውን ይቀጥላል።»

ጋሽ አባይነህ አሰቡ። «ጠራጊ ሳይሆን ጥበቃ ነው በይኛ።»

«ልክ ነው።»

«ጥበቃ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን አይቀጠርም።»

«አይቀጠርም። ቁርጡንም ይቀንሱ።»

«እሱን ጥበቃው አይችለውም?»

«አይችለውም።»

ከዚያ በቤተሰብ ውስጥ የልብ ሕመም የነበረበት ሰው እንዳለ ጠየቀቻቸው።

«ታላቅ ወንድሜ። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው ያረፈው።»

«እርስዎ ስንት ዓመትዎ ነው?»

«በጥቅምት ሃምሳ ስምንት እሞላለሁ።»

«እሳቸውን ማን ነበር የሚያክማቸው?»

ጋሽ አባይነህ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አገላብጠው አዩት። «እኔ» አሉ።

ኖሬበታለሁ አላሉም። በታክሲ ስንመለስ አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት እስከ አቦ ድረስ ስታስል ምንም አላዘዙላትም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከራት በኋላ ዋጡ። ፍልሰታ ገባ፤ «በጾም ስብ ስለማልበላ ክኒኑም ይረፍ» ብለው አላቋረጡም። ቁርጡ በወር አንድ ጊዜ ሆነ። ዳገቷን በእግራቸው መውጣት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ሦስት ቦታ እያረፉ፣ ኋላ አንድ ቦታ፣ ኋላ እያወሩ።

ጥቅምት መጣ። ሃምሳ ስምንት ሞሉ። ውጤቱ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆነ። ዶክተሯ «ጥሩ ነው፤ ግን እንዳያቋርጡ» አለች። ክቡርነታቸው ወረቀቱን ለወይዘሮ ከድጃ አሳዩ፣ ዳቦ ቤት ለተሰለፈው ሁሉ አሳዩ፤ ለዕድሩ ሊቀመንበርም ድንኳኑን ለጊዜው እንደማይፈልጉት በጽሑፍ አሳወቁ።

የእሳቸው መሻል ለሰፈሩ ዕረፍት አልሰጠውም። ነጭ ሽንኩርቱ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰ፤ አሁን የሚያዝዙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሂድ ተመርመር።» እኔ ጋዜጣው ማተሚያ ቤት እስኪገባ ሳምቡሳ እየበላሁ ሲጋራ የማጨስ ሰው ነኝ። ሦስት ሳምንት ተከራከርኳቸው። በአራተኛው ክንዴን ይዘው ክሊኒክ አደረሱኝ። ሁለት መቶ ሰባ።

እነሆ ሁለታችንም እንውጣለን። በየምሽቱ ራት እንዳበቃ ድምፃቸው ከአጥሩ ማዶ ይመጣል።

«ጋዜጠኛው! ዋጥክ?»

ብዙውን ጊዜ ውጫለሁ። ሃያ ዓመት በሰዓት ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንዲት ክኒን አልረሳም።

«ገና ነኝ፣ ጋሼ!» እላለሁ።

«ወይ አንተ ሰው! ጠብቀኝ!»

ጫማቸው እየተጎተተ አጥሩን ሲዞር ይሰማኛል። ሁለተኛውን ወንበር አወጣለሁ።