የሁሩሙ ማር ዱባይ ሲገባ

አንዴ አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ሁሉ ለምን ራሱ ጉምሩክ እንደሚሆን ታውቃላችሁ? እዚህ መቱ ጎረቤቴ ጋሼ በቀለ እንደዚያ ናቸው። ልጄ ዱባይ ወልዳ፣ ከአጠገባችን ከሁሩሙ ማር ይዤ ላርሳት ስነሳ፣ ሻንጣዬን በርብረው፣ «እትዬ፣ ማሩን ልብስ መሃል ይደብቁት፤ ካዩት ይወስዱብዎታል» አሉኝ።

እንዴ! የሁሩሙ ማር ምን ሰርቆ ነው የሚደበቀው?

ዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ፈታሹ ሳይጠይቀኝ እኔው ሻንጣዬን ከፈትኩት። «ማር ነው፣ ለአራስ ልጄ» አልኩ፤ እዚያው የምትሠራ ያገራችን ልጅ አስተረጎመችልኝ። እንደ ወጋችን መጀመሪያ ራሴ ቀመስኩና ለእሱም በማንኪያ ዘረጋሁለት። እጁን አወናጨፈ። መቼስ እንግዳ ባንዴ እሺ አይልም! «በሞቴ!» ብለውም እምቢ አለ፤ «ዸንዸሚ፣ ቅመስ!» ብዬ በኦሮምኛም ለመንኩት። እሱ ወደ ኋላ፣ እኔ ወደ ፊት። ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ።

«ኧረ እማማ!» አለች ልጅቷ፣ «ማሩ እኮ ፍተሻውን አልፏል! ማንኪያውን ይመልሱ!»

«ይቅመስና እመልሳለሁ!»

ጨነቀውና ቀመሰ። ከንፈሩን ላሰና አንድ ነገር አጉተመተመ።

«ይሄ ማር ያለበት አገር የት ነው ይላል» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«ሁሩሙን ማየት ከፈለገ» አልኳት፣ «እሱም እንደኛ ቪዛ ያውጣ በዪው!»