የትሬቢዞንድ ብልሃትና የእንግልውድ ድስቶች

ቤት ሲቃጠል ሰው መጀመሪያ ይዞት የሚወጣው ምን ይመስላችኋል? ልጁን? ወርቁን? ተዉኝ እባካችሁ! ሥልጣኑን ነው።

እዚህ ኮሎራዶ፣ የኦሮራው ዕድራችን ለሦስት ሲሰነጠቅ አይቻለሁ። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፤ ጠላቶቼ ምክንያቱ እሷ ናት ይላሉ። ማህተሙ እኔ ጋ ቀረ፣ ድንኳኑ ሴንትራል ፓርክ ሰፈር ሄደ፣ ትላልቆቹ ድስቶች እንግልውድ ገቡ። ሦስታችንም ታዲያ "ዋናው ዕድር እኛ ነን!" እኔማ ማህተሙን ትራሴ ሥር አድርጌ ነበር የምተኛው።

የልጅ ልጄ ሳሮን ከኮሌጅ ልትመረቅ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ግን ጉድ ፈላ። ሁለት መቶ ሰው ጠርቻለሁ። ሁለት መቶ አልኩ? ሦስት መቶ በሉት። በማህተም ደግሞ ወጥ አይሠራም።

ሳሮን ለታሪክ ፈተናዋ እያጠናች ሳቀችብኝ። "እማዬ፣ እነዚህ ግሪኮች ልክ እንደናንተ ናቸው!"

የዛሬ ስምንት መቶ ዓመት የመስቀል ጦረኞች የግሪኮቹን መዲና ቁስጥንጥንያን ሲዘርፉ፣ ግሪኮቹ ኒቅያ፣ ኤጲሮስና ትሬቢዞንድ ተበታትነው፣ ሁሉም "ዋናው ወራሽ እኔ ነኝ" አሉ አለችኝ። ጥቁር ባሕር ዳር ያለችው ትሬቢዞንድ ኩርማን አገር ናት፤ የረባ ጦር የላትም። ንጉሦቿ ግን ቆነጃጅት ልጆቻቸውን ለጎረቤት መሳፍንት፣ ለቱርኩም ሳይቀር፣ እየዳሩ "ሰርቫይቭ አደረጉ"። ቁስጥንጥንያ ለቱርክ ከወደቀች በኋላ እንኳን ስምንት ዓመት ቆመዋል።

ይሄን ሰምቼ ዝም እላለሁ? ለእንግልውዱ ሊቀመንበር ለአቶ ደምሴ ደወልኩ።

"አቶ ደምሴ፣" አልኩ ድምፄን እንደ ቅቤ አለስልሼ፣ "ያ ነርስ የልጅ ልጅዎና የኔዋ ሳሮን ቢተዋወቁስ? ድስቶቹም በዚያው ዘመድ ቤት ይመጣሉ።"

"እሱ እጮኛ አለው፣ ወይዘሮ አስካለ።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ለዝምድናው ከሆነ ግን... እርስዎም ብቻዎን ነዎት፣ እኔም ሚስቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆነኝ።"

ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። ሳሮን በሳቅ ከሶፋው ተንከባለለች። "እማዬ! የምትዳሪው ፕሪንሰስ አንቺ ነሽ!"

የምርቃቱ ዋዜማ አቶ ደምሴ ከረባታቸውን አሥረው፣ ድስቶቹን በመኪናቸው ጭነው ከች አሉ። ተመራቂዋን አልፈው "እንኳን ደስ አለዎት" ያሉት እኔን ነው። በማግስቱ ሦስት መቶው ሰው በልቶ ጠገበ፤ አራት መቶም ሳይሆን አይቀርም።

እስካሁን እሺ አላልኳቸውም። እምቢም አላልኩ፤ ድስቶቹን አጥቤ አልጨረስኩማ።

የሴንትራል ፓርኩም ሊቀመንበር ሚስት የላቸውም አሉ። የኮሎራዶ በረዶ ያልበሳው፣ እንዴት ያለ ድንኳን መሰላችሁ!