የይሁኔ ቤትና የእኔ አምፖል

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። አንድ ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ፣ በገዛ ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ወፍራም ጃኬት ለብሶና ኮፍያውን እስከ ጆሮው ደፍቶ በቪዲዮ ቢደውልላችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ «አቤት ጉራ!» ነው ያልኩት። አዲስ ጃኬት ገዝቶ ሊያሳየኝ ነው ብዬ።

ጃኬት ለባሹ ይሁኔ ነው፣ አብሮ አደጌ። ሁለታችንም የደብረ ኤልያስ ልጆች ነን። ለትምህርት ደብረ ማርቆስ መጥተን፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን፣ ከየቤታችን የሚላክልንን ስንቅ እየተካፈልን ነው የተማርነው። ከዚያ እሱ ጀርመን ገባ፣ እኔ ፀጉር ቤት ገባሁ። ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ወሬ ካበዛሁባችሁ ከሥራዬ ነው፣ እለፉኝ። እሱ እዚያ ቤት ገዛ፣ እኔ እዚህ እስከ ዛሬ ተከራይ ነኝ። ቀናህ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ኧረ ምን መቅናት ብቻ! እርር ድብን ነው ያልኩት።

ሲደውል እኔ እሱን አላየውም። የማየው ከጀርባው ያለውን ነው። ነጭ ግድግዳ አለ። ግድግዳው ሥር የተገጠመ የብረት ማሞቂያ አለ። ስልኩን ይዞ ወደ ኩሽና ሲሄድ ደግሞ በአንድ በኩል ሲያዞሩት ሙቅ፣ በሌላ በኩል ሲያዞሩት ቀዝቃዛ የሚያወርድ ቧንቧ አለ። የእኛን ግቢ ቧንቧ በየትም በኩል ብታዞሩት የሚወጣው አየር ነው።

እሱ ግን ይህን ሁሉ ትቶ ስለ ወጪ ነው የሚያወራኝ። ተከራይ በነበረ ጊዜ ከኪራዩ ላይ የማሞቂያው፣ የደረጃ ጽዳቱ፣ የቆሻሻው ተደርቦ ይመጣበት ነበር አለኝ። ይህ ሳያንስ ዓመት ሲሞላ «ከተገመተው በላይ ሞቀሃል» ይባልና እንደገና ይጨምራል። ቤት ብገዛ እገላገላለሁ ብሎ ገዛ። ሲገዛ ባሰበት። ድሮ ጣሪያ ሲያፈስ አከራዩን ይጠራ ነበር፣ አሁን የሚጠራው ራሱን ነው። የመሬት ግብር አለ፣ ኢንሹራንስ አለ። ቴሌቪዥን ባይኖርህም የቴሌቪዥን ትከፍላለህ አለኝ። ከጣሪያህ ወርዶ ፍሳሽ ውስጥ ለሚገባው ዝናብም ትከፍላለህ አለኝ። የዝናብ! እኛ እዚህ ክረምቱን ሙሉ በነጻ እየበሰበስን እናማርራለን። ጃኬቱንም ቤት ውስጥ የሚለብሰው ማሞቂያውን ላለመክፈት ነው አለኝ።

ታምኑታላችሁ? እኔ አላመንኩም። ያለው ሰው ሲያጉረመርም አላውቅም እንዴ? ብር እንዳልጠይቀው ቀድሞ አፌን ሊዘጋው ነው አልኩ። ደግሞስ ቢሆን? እውነቱን ልንገራችሁ፣ በቢሉም ቀንቼበታለሁ። የማሞቂያው፣ የውሃው፣ የዝናቡ፣ ሁሉም በስሙ ነው የሚመጣለት። በእኔ ስም አንድም ቢል መጥቶ አያውቅም። እኔ የምኖርበት ቤት ቆጣሪ እንኳ የተመዘገበው በአከራዬ በእትዬ የዝና ሟች ባለቤት ስም ነው። ሞተውም ቢል ይመጣላቸዋል፣ እኔ በቁሜ የለኝም።

እትዬ የዝናን ደግሞ እወቋቸው። ቆጣሪው አንድ ነው፣ ተከራዩ ብዙ። ስለዚህ እሳቸው ሥራቸው ማጥፋት ነው። ሲመሻሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ግቢውን ይዞራሉ። የሽንት ቤቷን አምፖል ሰው ውስጥ እያለ ያጠፋሉ። እኔ ካውያ ስሰካ እሳቸው ቤት መብራቱ ደብዘዝ ይላል። ያኔ በመስኮት ብቅ ብለው «ምነው ልጄ፣ ሠርግ አለብህ?» ይሉኛል። ሸሚዜን ግማሹን ተኩሼ ግማሹን ጨማዳ ለብሼ ሥራ የገባሁበት ቀን ብዙ ነው።

እንግዲህ ያ በቢል አለቅሁ የሚለው ይሁኔ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ከተማው ዳር ቪላ አሠራ! እኔው ነኝ እየሄድኩ ግንቡን ፎቶ እያነሳሁ የምልክለት። ጨጓራዬ እየተላጠ። በረንዳ አለው፣ ሰፊ ሳሎን አለው፣ ከሁሉ በላይ የራሱ ቆጣሪ አለው። ሊያልቅ ሲል ደወለና መምጣቴ ነው አለኝ። አላከራየውም፣ የምተማመንበትን ሰው በነጻ አስቀምጥበታለሁ፣ የመብራቱንና የውሃውንም ከዚህ እየላክሁ እከፍላለሁ፣ ማን እንደሚገባበት መጥቼ እወስናለሁ አለ። ቤቱ ዕቃ ስላልገባበትም እናንተ ጋ ነው የማርፈው አለ።

የሚተማመንበት ሰው ማን ነው? እኔ ነኛ! አብሮት ያደገ፣ ግንቡን ፎቶ ያነሳ! ስልኩ ሳይዘጋ ባለቤቴ አንጓች የመጋረጃውን ቀለም መርጣ ጨርሳለች። ልጆቹ የትኛው ክፍል የማን እንደሚሆን ተጣልተው ታርቀዋል። እኔ ደግሞ በልቤ ካውያ ሰክቻለሁ።

አንጓች ልባም ሴት ናት። «አደራህን፣ እንደ ወትሮህ ሁን» አለችኝ። እምቢ አልኩ። እንዴት ነው እንደ ወትሮዬ የምሆነው? ከጀርመን የመጣ ሰው ፊት በአንዲት ጭል ጭል በምትል አምፖል ልቀመጥ? ለእንዲያ ያለ ቤት የሚመጥን ሰው መሆኔን ማየት አለበት። ደግሞ በእኛ አገር እንግዳ ባለበት የሚቆጠብ ነገር የለም። እንግዳ ፊት ሞሰብ አይከደንም፣ ብርሌ አይጎድልም፣ መብራት ደግሞ ጨርሶ አይጠፋም። ማጥፋት ማለት «ተነስ፣ ሂድልኝ» ማለት ነው። ጎጃሜ እንግዳውን ከሚያስቀይም ቤቱ ቢቃጠል ይሻለዋል።

ስለዚህ አምፖሎቹን በትልልቅ ቀየርኩ። ዓመት በዓል ካልሆነ የማይበራውን የበረንዳ አምፖል ገጠምኩ። ከጎረቤት ሁለተኛ ስቶቭ ተዋስኩ። እትዬ የዝናን ደግሞ የዚህን ሰሞን መብራት ብቻዬን እከፍላለሁ ብዬ በስንት ልመና አስፈቀድኳቸው። ሙክት ከአምበር ገበያ አስመጣሁ። እዳው? እሱ ሲደርስ ይታያል።

ይሁኔ መጣ። ቀጥኗል፣ ጃኬቱ ግን ያው ነው። እንደ ወጉ እግሩን ልናጥበው ውሃ በስቶቭ አሙቀን አቀረብን። ገና ግማሽ ሳፋ ሳይሞላ «ይበቃል፣ ይበቃል» ይላል። አንጓች ልትጨምር ስትል እጇን ያዘ። ይሉኝታ ይዞት ነው ብዬ እኔው ገለበጥኩለት። ሞልቶ ወለሉ ላይ ሲፈስ ፊቱ ቅጭም አለ። ደክሞት ነው አልኩ።

ከዚያ ጉዱ ጀመረ። ተቀምጠን ሳለ ልጆቹ ከጓዳ ሲወጡ ይሁኔ ብድግ አለና የጓዳውን መብራት አጥፍቶ ተመለሰ። ደነገጥኩ። ሰው በሰው ቤት እንግዳ ሆኖ መብራት ያጠፋል? የመብራት መክፈያ የለውም ብሎ አዘነልኝ ማለት ነው? ደሜ ፈላ። ተነሳሁና አበራሁት። ትንሽ ቆይቶ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ፣ ሲመለስ የበረንዳውን አጥፍቶ ገባ። እኔ ደግሞ ሙክቱን ልየው ብዬ ወጣሁና አበራሁት። ስቶቩ ባዶውን ቀልቷል ብሎ ነቀለው፣ ወጡ እንዳይቀዘቅዝ ነው ብዬ ሰካሁት። ስለ መብራቱ ግን አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። እንዲህ ስንነሳ ስንቀመጥ ያየ ሰው ለጸሎት የቆምን ይመስለዋል። አንጓች በዓይኗ ብትለምነኝ፣ ብትጠቅሰኝ፣ እኔ ወይ ፍንክች። ጭራሽ የመኝታ ክፍሉንም አበራሁ። የልጅነት ጓደኛዬ በሀብት በለጠኝ፣ በአገር በለጠኝ፣ በገዛ ቤቴ ደግሞ በማብሪያ ማጥፊያ ይብለጠኝ?

በማግስቱ ከፀጉር ቤት ስመለስ ምን አየሁ መሰላችሁ? ይሁኔና እትዬ የዝና ቆጣሪው ሥር ጎን ለጎን በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ለካ ጠዋት እሳቸው ሊያጠፉ ሲመጡ እሱ ቀድሞ አጥፍቶ ሲወጣ በር ላይ ተገናኝተዋል። እንደ ተያዩ ተዋደዱ! እሱ ስለ ማሞቂያው ያጫውታቸዋል፣ እሳቸው ስለ ተከራይ ያጫውቱታል። ስለ ዝናቡ ቢል ሲነግራቸው አፋቸውን ይዘው «አይ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ችለህ ነው?» አሉት፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። እኔ ስንት ዓመት ኪራይ ስከፍላቸው አንድ ቀን እንዲህ አይተውኝ አያውቁም። እሱም እኔን እንዲህ አድምጦኝ አያውቅም። በማን ልቅና? በእሳቸው ነው በእሱ? በሁለቱም ቀናሁ። የዚያን ቀን ማታ የግቢውን አምፖል ሁሉ አበራሁት፣ የሽንት ቤቷን ጨምሮ።

እንዲህ ሆነን ሰነበትን። ሊሄድ ሲል ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። አንጓች ነጠላዋን አስተካከለች። እኔ እጄን ዘርግቻለሁ ማለት ይቻላል። ይሁኔ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለና ቁልፉን ለእትዬ የዝና እንደሚሰጥ ነገረን። ቤቱን እሳቸው ይግቡበታል፣ የዚህን ግቢ ኪራይም እዚያው ሆነው ይሰበስባሉ አለ። የአንጓችን ፊት ባላየሁት ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ ተነስታ ጓዳ ገባች። ልጆቹም ተከትለዋት ገቡ።

እኔ ግን ዝም የምል ሰው ነኝ? ምን በደልኩህ አልኩት። ሙክቱን ቆጠርኩለት፣ እግሩን ያጠብኩበትን ውሃ ቆጠርኩለት። እንዲህ ተቀብሎህ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ አልኩት። ይሁኔ ትከሻዬን ይዞ፣

«ወንድሜ፣ የለም። አንተን የመሰለ እንግዳ ተቀባይ አላየሁም» አለኝ። «እኔ ግን ቤቴ ውስጥ የምፈልገው እንግዳ የማይቀበል ሰው ነው። ቢሉ የሚመጣው ለእኔ ነዋ።»

ከዚህ ምን ትማራላችሁ? እኔ የተማርኩትን ልንገራችሁ፦ ከውጭ የመጣ ሰው ካረፈባችሁ በጨለማ አስቀምጡት። ጥሬ አቅርቡለት፣ እግሩን በቀዝቃዛ ውሃ አጣጥቡት። ጨዋ ነው፣ አደራ ይችላል ብሎ ቪላውን ይሰጣችኋል። አባቶቻችን ያቆዩት ወግ እኔን ያተረፈልኝ ዕዳ ብቻ ነው። ለእትዬ የዝና የዚያን ሰሞን የመብራት ዕዳ እስካሁን እየከፈልኩ ነው። ሊቀበሉኝ የሚመጡት ደግሞ ከቪላው በባጃጅ ነው።

ባለፈው እሑድ ከአንጓች ጋር ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ መንገዳችን በዚያው በኩል ሆነ። አመሻሽ ላይ ነው። ያን የሚያህል ቤት ድቅድቅ ብሎ ቆሟል። ሳሎኑ ጨለማ፣ በረንዳው ጨለማ፣ መኝታ ቤቶቹ ጨለማ። በኩሽናው በኩል ብቻ አንዲት አምፖል ጭል ጭል ትላለች። ስናያት እሷም ጠፋች። እኛ ብንሆን ኖሮ አልኳት አንጓችን። ሳሎኑን አበራው ነበር፣ በረንዳውን አበራው ነበር፣ የአጥሩንም ዙሪያውን። ከዋናው መንገድ ድረስ እየታየ ከተማው ሁሉ እንዲቀናብን።

አንጓች ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። ይሁኔ ይህን ንግግርህን ቢሰማ ኖሮ ለእትዬ የዝና ደመወዝ ይቆርጥላቸው ነበር አለችኝ።

ለካ ቆርጦላቸዋል። በማግስቱ የመብራቱን ሊቀበሉኝ ሲመጡ ራሳቸው ነገሩኝ።