አስር ኪሎ ሜትር ሮጦ የት ደረሰ?

በዚህ ዘመን ሳይቆጠር የቀረ ነገር ካለ እስቲ ንገሩኝ። ድሮ አንድ የኳስ ጨዋታ ሲያልቅ የሚነገረን ሁለት ቁጥር ብቻ ነበር፤ እነዚህ ስንት አገቡ፣ እነዚያ ስንት አገቡ። የቀረውን ለእኛ ይተዉልን ነበር። ማን በደንብ ተጫወተ፣ ማን ሲያንቀላፋ ዋለ የሚለውን በሻይ ብርጭቆ ዙሪያ ተጯጩኸን፣ ተኮራርፈን፣ በነጋታው ታርቀን እንጨርሰዋለን። አሁን ግን ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ ሳያወጣ ቴሌቪዥኑ ሁሉን ዘርግፎ ያቀርባል፦ ይህኛው ቡድን ኳሱን ይህን ያህል በመቶ ይዞት ነበር፣ ያኛው ይህን ያህል ጊዜ ወደ ግብ መትቶ አብዛኛውን ሰማይ ላይ ሰቅሎታል፣ ቁጥር ስምንቱ ይህን ያህል ኳስ አቀብሏል። ምን ቀረን? ለመጨቃጨቅ እንኳ ማስረጃ ማቅረብ ግዴታ ሆነ።

እኔ በበኩሌ አልተቃወምኩም። እንዲያውም ልናዘዝ፦ ቁጥር ነፍሴ ነው። አምቦ ውስጥ፣ ለራሴ ደህንነት ስል ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ «የመረጃ ባለሙያ» የሚል ማዕረግ አለኝ። ኳታር ላይ የዓለም ዋንጫ ሲካሄድ አንድ ሰማያዊ ደብተር ገዝቼ የየጨዋታውን ቁጥር ከቴሌቪዥንና ከስልክ ስገለብጥ ከረምኩ። በመሥሪያ ቤታችን ክበብ ክርክር ሲነሳ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል። እኔም ደብተሬን ቀስ ብዬ እገልጣለሁ። ዳኛ ውሳኔ ሊያነብ ሲል ጉሮሮውን እንዴት እንደሚጠርግ ታውቃላችሁ? እንደዚያ እጠርጋለሁ።

በዚህ ክብር መሃል ነው አማቴ ከጎጆ የመጡት።

ኦቦ በዳዳ ይባላሉ። ጎጆ ከአምቦ በላይ ያለ ብርድ አገር ነው፤ ገብስና ድንች ያመርታሉ፣ በግም አላቸው። የግራ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ሊገፈፍላቸው ነው ወደ አምቦ የወረዱት። ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ግን ሐኪሙ ለአስር ቀን ከተማ እንዲቆዩ፣ አቧራ እንዳይነካቸው፣ በተለይ ደግሞ እንዳያጎነብሱ አዘዘ። ዕድሜውን ሁሉ ከመሬት ጋር ሲነጋገር የኖረን ገበሬ አታጎንብስ ብሎ ማዘዝ ለሐኪም ቀላል ነው። ባለቤቴ አያንቱ አባቷን ሶፋ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት፣ በሁለት ትራስ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ጨዋታው ደግሞ ከቀትር ጀምሮ ይተላለፋል። ስለዚህ ኦቦ በዳዳ በሰባ ዓመታቸው፣ በአንድ ዓይናቸው፣ ኳስ ማየት ጀመሩ።

እኔም የዓመት ፈቃድ ወሰድኩ። ለአለቃዬ ያልኩት አማቴን ላስታምም ነው። ዋሸ አይባልም፤ አማቴም ቴሌቪዥኑም አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ።

ስሜን አይጠሩኝም፤ በእነሱ ወግ አማች በስሙ አይጠራም። «ሶዳ» ይሉኛል፣ አማቼ ማለታቸው ነው። የመጀመሪያውን ቀን ዝም ብለው አዩ። በሁለተኛው ቀን ጥያቄ ተጀመረ።

«ሶዳ፣ ያ ከታች የሚጻፈው ምንድን ነው?»

የኳስ ቁጥጥር መሆኑን፣ የትኛው ቡድን ኳሱን ይዞ ብዙ እንደቆየ የሚያሳይ መሆኑን በባለሙያ ድምፅ አስረዳኋቸው።

«ብዙ የያዘው ያሸንፋላ?»

«ሁልጊዜ እንኳ አያሸንፍም።»

«ዛሬስ?»

ዛሬ ብዙ የያዘው እየተመራ ነበር። ነገርኳቸው።

«ታዲያ ለምን ይቆጥሩለታል? ለማጽናናት ነው?»

ለማሾፍ እንዳይመስላችሁ፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት። ያንን ቁጥር በየቀኑ ስገለብጥ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሰው የሚገለብጠውን ነገር ይጠይቃል እንዴ?

ትንሽ ቆይቶ አንድ አማካይ ተቀይሮ ወጣ። ጋዜጠኛው በእንግሊዝኛ ልጁ ከአስር ኪሎ ሜትር በላይ መሮጡን ተናገረ፤ እኔም ተረጎምኩላቸው። ኦቦ በዳዳ ደህነኛውን ዓይናቸውን አጥብበው ተመለከቱት።

«አስር ኪሎ ሜትር ሮጦ የት ደረሰ?»

«የትም አልደረሰ። እዚያው ሜዳው ውስጥ ነው።»

«እዚያው ከተነሳበት?»

«እዚያው።»

በመጨረሻ፣ «ውሃ ስጡት በላቸው» አሉኝ።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን እንደነዚህ በቀላሉ አልለቀቀኝም። «ኤኙቱ ላካኤ?» አሉ። ማን ቆጠረው? የሚሮጠውን ሰው እግር እግሩን እየተከተለ የሚቆጥረው ማነው፣ እሱስ አይደክመውም ወይ ነው ነገሩ። እኔም የማውቀውን ሁሉ አወጣሁ፦ ጣሪያው ላይ ካሜራዎች አሉ፣ ኮምፒዩተር አለ፣ ኳሱ ሆድ ውስጥም እንቅስቃሴውን የሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ አለ። ኳሱ ሆድ ውስጥ ስል አማቴ ፋሻቸውን በእጃቸው ደግፈው ሳቁ፣ ሳቁ፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ሶባ!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። ውሸት ነው ማለት ነው።

አያንቱ ከጓዳ ሮጣ መጥታ የተቆጣችው እኔን ነው። «እሳቸው ዓይናቸውን ታመው፣ አንተ ታስቃቸዋለህ!»

ኦቦ በዳዳ ግን ሰው ውሸታም ነው ብለው ዝም የሚሉ ዓይነት አይደሉም፤ ያጣራሉ። በማግስቱ ከአያንቱ አንድ ሳህን ሽንብራና ባዶ ጣሳ ተቀበሉ። ሃያ ሁለቱን ሁሉ መቁጠር ለአንድ ዓይን ስለሚከብድ አንድ ተጫዋች መረጡ፤ ፀጉሩን ነጭ የተቀባ ተከላካይ ነው፣ ከሩቅ ስለሚለይ። ልጁ ኳስ ባቀበለ ቁጥር አንድ ሽንብራ ወደ ጣሳው፣ ጠብ! ጨዋታው አልቆ እኔ ከስልኬ የልጁን ቁጥር ሳነብ የእሳቸው ሽንብራ እጅግ በለጠ። አየህ ብለው አዩኝ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይበቃዋል። እሳቸው ግን አገጫቸውን ይዘው ሲያስቡ ቆዩና፣ «ሶዳ፣ አንዳንዴ ያንኑ ነገር መልሰው ያሳያሉ እንዴ?» አሉኝ። ለካ በዝግታ ተደግሞ የሚታየውንም ሲቆጥሩ ውለዋል! ስህተታቸውን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። እኔ በቁጥር ስኖር ያገኘሁትን ስህተት አስቤ አስቤ አጣሁ።

በሁለተኛው ሙከራ መብራት ጠፋ። ኦቦ በዳዳ ሽንብራ በጣታቸው እንደያዙ ጥቁሩን ቴሌቪዥን እያዩ፣ «እዚያ መቁጠሩን ቀጥለዋል?» አሉ። አዎ ስላቸው ቅር አላቸው። ያን ዕለት አያንቱ የመጀመሪያውን አጋማሽ ቆልታ አቀረበችልን።

በሦስተኛው ተሳካ። በጣሳውና በስልኩ መካከል የአንድ ሽንብራ ልዩነት ብቻ ተገኘ። «እሷ የኔ ናት» አሉ ወዲያው፤ «ሲያስለኝ ያመለጠችኝ ናት።» ከዚያ ፊታቸው በራ። «ዱጋ ነው። እውነት ይቆጥራሉ። ሶዳ፣ ዋሽተሃል ስላልኩህ ይቅር በለኝ።» የዓለም ዋንጫውን ያነሳሁት እኔ መሰለኝ። ደረቴ ተነፋ። ደረት ሲነፋ ደግሞ ምላስ አያርፍም፤ እኔም እኮ ሥራዬ ይኸው ነው አልኩ።

«ምን?»

«መቁጠር። ምርት እንቆጥራለን። በየወረዳው ስንት ተዘራ፣ ስንት ታጨደ፣ ገብሱ፣ ጤፉ፣ ስንዴው...»

«የእኛንም?»

«የጎጆንም።»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አማቴ ግን የሳምንቱን ትምህርት ይዘው ነው የመጡት።

«ካሜራ አላችሁ?»

«የለንም።»

«እኔ እኮ ሁልጊዜ ማሳዬ ላይ ነኝ። ለሽምግልና መጥተሃል፣ ለሠርግ መጥተሃል፣ ለለቅሶ መጥተሃል። ለቆጠራ መጥተህ አላውቅም። ታዲያ ገብሴን በምን ታውቀዋለህ?»

አያንቱ ጓዳ ውስጥ በድንገት ብዙ ሥራ ተገኘላት።

በምን እንደማውቀው ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ለእሳቸው ግን ያን ቀን አልነገርኩም። ከየቀበሌው ሪፖርት መምጣት አለበት። አንዳንዱ ይመጣል፣ አንዳንዱ መንገድ ተበላሽቶበት፣ ኔትወርክ ጠፍቶበት ይቀራል። የቀረበት ቦታ ባዶ ሆኖ ሲታይ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ቁጥር እወስድና ትንሽ ጨመር አደርግበታለሁ። እንዳልሰስት፣ እንዳላጋንን፣ በልኩ። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ማን መሰላችሁ? ጎጆ።

ኦቦ በዳዳስ ተቆጡ? አልተቆጡም። «እንግዲህ ስትመልሰኝ እግረ መንገድህን ትቆጥረናለህ» ብለው ወደ ጨዋታው ዞሩ።

ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ፣ ጥቁር መነጽር ሰጥቶ ሲያሰናብታቸው አብሬ ተሳፈርኩ። መንገዱን አልገልጸውም፤ ጀርባዬ ይግለጸው። ጎጆ ስንደርስ ገብሱ ገና አጨዳ ላይ ነው። በማግስቱ ገመድና የእጅ ሚዛን ይዤ ማሳ ገባሁ። ሥራው ቀላል ነው፦ ከማሳው ላይ በገመድ አራት ማዕዘን ትከልላለህ፣ ውስጡ ያለውን ታጭዳለህ፣ ታሸዋለህ፣ ትመዝናለህ፣ በማሳው ስፋት ታባዛለህ። ትምህርት ቤት ሳለሁ በፈተና አንደኛ የወጣሁበት ነው። በፈተናው ላይ ግን ብርድ፣ ድንጋይና የጎረቤት ውሻ አልተካተቱም ነበር።

አማቴ እንዳያጎነብሱ ተከልክለዋልና ማሳው ዳር በርጩማ ላይ፣ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ። ጎረቤት ምን መጣ ብሎ ሲሰበሰብ እሳቸው ያስተላልፉ ጀመር፦ ሶዳ አሁን አጎነበሰ፣ አሁን ወደቀ፣ ይኸው ተነሳ። ስልኬ እርምጃ እንደሚቆጥርም ነግሬያቸው ስለነበር በየመሃሉ ስንት ደረስክ እያሉ ይጠይቁኛል፤ መልሴን ለሕዝቡ በኦሮምኛ ያሰማሉ። ሰዉ ያጨበጭባል። በሕይወቴ እንደዚያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

የአማቴን ስጨርስ ጎረቤታቸው የኔንስ አለ። የእሱን ስጨርስ ሌላው። ከሰዓት በኋላ አዴ ብርቄ የሚባሉ አንዲት ባልቴት እጄን ይዘው ወደ ታች፣ ወደ ማሳቸው ወሰዱኝ። ገብሱ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ዛላው ተራግፎ ባዶ አገዳ ነው የቀረው። በረዶ ከመታው ገና ወር አልሞላውም።

«የኔን ምን ብለህ ትጽፋለህ?» አሉኝ።

«ያየሁትን።»

«ጻፈው እንግዲህ። በረዶ መታው ብለህ ጻፍ። ማንም መጥቶ አላየውም።»

ገመዱን ዘረጋሁ። የታሸው ገብስ ሚዛኑን አላነቃነቀውም። ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ብዙ ቁጥር ጽፌያለሁ፤ እጄ እንዲህ የከበደበት ቁጥር ግን አልነበረም። ባለፉት ዓመታት «ትንሽ ጨመር» ያደረግኩባቸው መስመሮች ውስጥ ስንት አዴ ብርቄ እንደነበሩ የሚነግረኝ ስልክም፣ ካሜራም የለም። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ይህን ሁሉ ለኦቦ በዳዳ ነገርኳቸው፤ እንዴት እጽፍ እንደነበር ጭምር። መነጽራቸውን አውልቀው በሁለት ዓይናቸው አዩኝ። «አሁን መጥተሃል» አሉ።

ከፈቃድ ስመለስ የጎጆን መስመር በለካሁት ሞላሁ። ቁጥሩ ወረደ። በዚያው ቀን ኃላፊያችን አስጠሩኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ ለእኔ አስበው ነው።

«ይህ ቁጥር ከየት መጣ?»

«ከማሳው።»

«ማሳው ማለት... የትኛው ሰነድ?»

«ሰነድ አይደለም፣ ማሳ ነው። ሄጄ በገመድ ለካሁት።»

«ገባኝ። ግን ምንጩ ምንድን ነው?»

እንደገና አስረዳሁ። በረዶውን ነገርኳቸው፣ የባልቴቷን ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝና የአንድ ሰው ልኬት ብቻውን እንደማይታመን፣ ከተረጋገጠው መረጃ ጋር መነጻጸር እንዳለበት ገለጹልኝ። ተነስተው ከመደርደሪያው ላይ ያለፈውን ዓመት ሪፖርት አወጡ፤ በማኅተም ደምቋል። ገልጠው ጣታቸውን በጎጆ መስመር ላይ አሳረፉ። «ይህን ያዘጋጀው ባለሙያ እንዴት ተጠንቅቆ እንደሠራ ተመልከት» አሉኝ። ተመለከትኩ። ከታች ያለው ፊርማ የኔ ነበር።

ነገርኳቸው። ሳቁ፤ የቀለድኩ ነው የመሰላቸው። የጻፍኩትን ግን አላወጣም ብዬ ድርቅ ስላልኩ በስምምነት ተለያየን፤ ቁጥሬ ከማስታወሻ ጋር ይለፍ ተባለ። ይኸውና እስከ ዛሬ ድረስ በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ውስጥ፣ ወገቤ እስኪሰበር ማሳ ለማሳ ዞሬ የመዘንኩት «ግምት» ተብሎ ተቀምጧል፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ ሻይ እየጠጣሁ የፈጠርኩት ደግሞ «የተረጋገጠ መረጃ» ነው።